«የሙዚቃ ሻካራነት» ምን ማለት ነው? የሬኔሳንስ ሙዚቃን ቃላት በአማርኛ ስለመግለጽ

ጠያቂ

ውድ የቃላት ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በትርፍ ጊዜዋ ሙዚቃ ትማራለች። ሰሞኑን ይዛ የመጣችውን፣ ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ የማስተማሪያ ጽሑፍ አብረን ስናነብ «የህዳሴ ሙዚቃ ሻካራነት በአብዛኛው ፖሊፎኒያዊ ሲሆን ስምምነቱም በሞድ ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመን። ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ ሙዚቃ እንዴት ይሻክራል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ ሻካራ ሲባል የማውቀው ያልተላገ ጣውላን፣ የግንበኛ እጅን ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅን ነው፤ ሲበዛም «ግንኙነታቸው ሻከረ» ሲባል እሰማለሁ። በዚያው ገጽ ላይ የሙዚቃ መሠረታዊ ነገሮች ተብለው ዜማ፣ ምት፣ ስምምነት፣ ቃናና ይኸው ሻካራነት ተዘርዝረዋል። ቃላቱን ለየብቻቸው አውቃቸዋለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰለፉ ግን ባዕድ ይሆኑብኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ ለልጄም የሚሆን የተሻለ አማርኛ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የኖታ መምህርት

ወንድሜ፣ ልጅዎ ያነሣችው ተርጓሚው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቀው ይገባ የነበረውን ጥያቄ ነው። ተርጓሚው «ቴክስቸር» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ሲፈልግ በመዳፍ የሚዳሰሰውን ትርጉም አገኘና እዚያው ቆመ፤ የቃሉ ሥር ግን «ሸመነ» የሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ወደ ሙዚቃ የገባውም ስለ ጨርቁ ልስላሴ ለመናገር ሳይሆን ስለ አሸማመኑ ለመናገር ነው። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ በመወርወሪያ ማጉን ሲያመላልስ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሚጠየቀው ጨርቁ ሲነካ መኮስኮሱ ሳይሆን ስንት ክር እንዳለውና ክሮቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተጠላለፉ ነው። በዚህ ምክንያት ለተማሪዎቼ «የዜማ አሸማመን» እላለሁ፤ እስካሁን የሳቀ እንጂ ያልገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

አንድ ዜማ ብቻውን ሲሄድ፣ አንድ ሰው ይዝፈነው መቶ ሰው፣ ሞኖፎኒ ይባላል። አንዱ ድምፅ ዜማውን ይዞ ሌሎቹ ከሥሩ ሲያጅቡት፣ ሁሉም ቃሉን በአንድነት እያነሡ በአንድነት ሲጥሉ፣ ሆሞፎኒ ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢዘፈኑ ሙሉ የሆኑ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ዜማዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሲነሣ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ደግሞ ፖሊፎኒ ይሆናል። የሬኔሳንስ፣ ማለትም ጽሑፍዎ «ህዳሴ» ያለው የአውሮፓ ዘመን፣ ሙዚቃ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በዚህ በሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያውን «ነጠላ ዜማ» ብዬ ልተረጉመው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ስም ከአልበም ተለይቶ ለብቻው ለሚወጣ ዘፈን ከተሰጠ ቆይቷል፤ «የሬኔሳንስ ነጠላ ዜማ» ብንል ወጣቱ የሚጠብቀው ክሊፕ ነው። ስለዚህ «ባለ አንድ ዜማ» እና «ባለ ብዙ ዜማ» ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። ለሁለተኛው፣ ማለትም ለሆሞፎኒ፣ «አጃቢ ያለው ዜማ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም፤ እርሱም ብዙ አያረካኝም።

የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ

ለመምህርት አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለፖሊፎኒ «ኅብረ ዝማሬ» የሚል ያማረ ቃል እያለን «ባለ ብዙ ዜማ» እያልን የምንቸገርበት ምክንያት አይታየኝም። «ኅብር» ራሱ አንድነትንም፣ የልዩ ልዩ ቀለማትን መዋሐድንም ይዟል። የቅኔ ተማሪዎች «ኅብር» የሚሉትን አስቡት፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሰምና ወርቅ አብረው ሲኖሩ ነው። በማኅሌትም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው እየተቀበለ ሲያዜሙ ይህንኑ ኅብር እንሰማለን። ከዚህ የበለጠ ፖሊፎኒ ከወዴት ይመጣል?

የኖታ መምህርት

የኔታ፣ ቃሉ ያማረ መሆኑን እኔም አልክድም፤ የምፈራው ሰፊነቱን ነው። «ኅብረ ዝማሬ» ሲባል ብዙ ሰዎች አብረው መዘመራቸውን እንረዳለን እንጂ የዜማዎቹን ብዛት አንረዳም። ማኅሌቱን ከጠቀሱት ዘንድ እስቲ እርሱኑ እንመልከተው። በቀኝ ያሉት ያነሡትን በግራ ያሉት ሲቀበሉት ዜማው ያው ነው፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ በላዩ ላይ ሌላ ዜማ አልተሸመነበትም። ከበሮው፣ ጸናጽሉና የመቋሚያው እንቅስቃሴ ትልቅ ድምቀት ይሰጡታል፤ ዜማው ግን በመሠረቱ አንድ ነው። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም፤ በአንድ ዜማ ውስጥ ያለው ጌጥና ስብራት ራሱን የቻለ ጥልቅ ሙያ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በአገራችን የባለ ብዙ ዜማ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ወደ ጋሞ ደጋ ወጥቶ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ይስማ። እዚያ የተለያየ ሚና ያላቸው ድምፆች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ አንዱ የሌላውን አይደግምም፣ ግን አይለያዩም። ዶርዜዎች በሽመና ጥበባቸው በአገር የታወቁ መሆናቸውን ሳስብ «አሸማመን» የሚለውን ቃል የመረጥሁበት ምክንያት ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ

«የኔታ» ለመባል አልበቃሁም፤ ድጓውን ሳልጨርስ ወደ ከተማ የገባሁ ነኝ። ስለ ማኅሌቱ የሰጡትን ማብራሪያ ተቀብያለሁ። «ኅብረ ዝማሬ»ን ለመዘምራን ቡድኑ እንተወው፤ ለአሠራሩ ግን «ባለ ብዙ ዜማ» ይሁን።

ቴነር ዘማሪ

እኔ በምኖርበት የአውሮፓ ከተማ ለደስታቸው በሚዘምሩ ሰዎች ቡድን ውስጥ በቴነር መስመር እዘምራለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ ሆኜ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት ያጠናነው ጆስኪን ዴ ፕሬ የደረሰውን፣ በ«አቬ ማሪያ» የሚጀምረውን ባለ አራት ድምፅ መዝሙር ነው። ጆስኪን የሞተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1521 ሲሆን፣ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የተባለው የቬኒስ አታሚ ይህን መዝሙር በ1502 ባወጣው የሞቴት (በአብዛኛው መንፈሳዊ የሆነ ባለ ብዙ ድምፅ መዝሙር) መድበል መክፈቻ ላይ አኑሮታል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ከሁሉ ቀጭን የሆነው ድምፅ «አቬ ማሪያ» የምትለዋን አጭር ዜማ ብቻውን ያነሣል። እርሱ ሳይጨርስ ቀጥሎ ያለው ድምፅ፣ አልቶው፣ ያችኑ ዜማ ወፈር አድርጎ ይጀምራል፤ ከዚያ እኛ ቴነሮች፣ በመጨረሻ ባሶቹ እንገባለን። እኔ ስገባ የቀደሙኝ ሁለቱ ወደ ሌላ ነገር አልፈዋል፤ እኔ ገና ሰላምታውን ስል እነርሱ ከሰላምታው ማዶ ናቸው። አንድን ደብዳቤ አራት ሰዎች እየተከታተሉ ጮክ ብለው ቢያነቡት የሚፈጠረው ግርግር ነበር፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ እንዲጥም ተደርጎ ስለተሠራ ግርግሩ ዳንቴል ይሆናል። ይህን መከታተል «ኢሚቴሽን» ይሉታል፤ «መምሰል» ብሎ ከመተርጎም «መቀባበል» ማለት ይቀርበዋል ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ እኛ ስንቀባበል አንዱ እስኪጨርስ የምንጠብቅ ብንሆንም።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ። «ቴነር» ዛሬ የወንድ ቀጭን ድምፅ ስም ነው፤ ሥሩ ግን «ያዘ» የሚል የላቲን ግሥ ነው። በመካከለኛው ዘመን ቴነሩ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እያስረዘመ የሚይዝ፣ ሌሎቹ በላዩ የሚገነቡበት ድምፅ ነበር፤ በእኛ ቤት አነጋገር ምሰሶው ነው። ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚሄድ ሁለተኛ ድምፅ «ኮንትራቴነር» ተባለ፤ ይህም ለሁለት ሲከፈል ከፍ ያለው «አልቱስ»፣ ዝቅ ያለው «ባሱስ» ሆነ። ዛሬ አልቶ የሚባለው ወፍራሙ የሴት ድምፅ ስሙ ግን «ከፍ ያለ» ማለት የሆነበት እንቆቅልሽ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከፍ ያለው ከቴነሩ አንጻር ነበር። ዜማን ከዜማ ጋር የማስኬድ ጥበብ ስም የሆነው «ኮንትራፑንት» ደግሞ «ነጥብ በነጥብ ፊት» ማለት ነው፤ ነጥቡ ኖታው ነው። «ሞቴት» የመጣው «ቃል» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ ቀድሞ ቃል አልባ ለነበረ ዜማ ቃል ሲበጅለት ስሙ ቀረለት። ለእኔ እንደ ቋንቋ ወዳጅ ከሁሉ የጣመኝ ይህ ነው።

የፊደል ጠባቂ

ስለ ዜማው እውቀት የለኝም፤ «ህዳሴ» ስለተባለው ግን ልናገር። በመጀመሪያ ሥሩ «ሐደሰ» ስለሆነ በሐመሩ «ሐ» ተጽፎ «ሕዳሴ» ቢባል ይገባ ነበር፤ ይህን ደጋግሜ በመናገር የምታወቅ ስለሆነ ይቅር በሉኝ። ሁለተኛ፣ ቃሉ ዛሬ በኢትዮጵያውያን ጆሮ የሚያስተጋባው ዓባይ ላይ የተሠራውን ግድብ ነው። «የህዳሴ ሙዚቃ» የሚል ርእስ ያየ ሰው ስለ ግድቡ የተዘፈኑትን ዘፈኖች ቢጠብቅ አልፈርድበትም። «ተሐድሶ» እንበል ብንል ደግሞ እርሱ በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ገብቶ ሌላ ቀለም ይዟል። ስለዚህ ለዘመኑ «ሬኔሳንስ» የሚለውን እንዳለ ብንወስደው ምን ይጎድልብናል?

የኖታ መምህርት

እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። «ዳግም መወለድ» የሚለው ስም ለሙዚቃው በልኩ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ዓመታቱን የምጠቅሰው እኔም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ሠዓሊውና የታሪክ ጸሐፊው ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ «ዳግም መወለድ» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀራፂዎቹ አይተው የሚቀዱት የሮማ ሐውልት ነበራቸው። ሙዚቀኞቹ ግን ሰምተው የሚቀዱት የግሪክ ዜማ አልነበራቸውም፤ የደረሳቸው ስለ ሙዚቃ የተጻፈ ፍልስፍና እንጂ ድምፁ አይደለም። ዘመኑን በጅምላ «ሬኔሳንስ» ብሎ መጥራት የተለመደውም በ19ኛው ምእተ ዓመት፣ በተለይ ፈረንሳዊው ዡል ሚሽሌ በ1855 ካወጣው የታሪክ ጥራዝ ወዲህ ነው፤ ሙዚቃው ስሙን በውሰት አገኘ። ብዙውን ጊዜ ከ1400 ወይም ከ1450 ገደማ እስከ 1600 ያለውን ዘመን እንዲህ ብለን እንጠራለን።

በዘመኑ የኖሩት ሰዎች ግን አዲስ ነገር እንደተወለደ ያውቁ ነበር። የሙዚቃ ሊቁ ዮሐንስ ቲንክቶሪስ በ1477 ስለ ኮንትራፑንት በጻፈው ድርሳን፣ ከአርባ ዓመት በፊት ከተደረሰው ውስጥ ሊቃውንት መስማት ይገባዋል የሚሉት ዜማ የለም እስከ ማለት ደርሷል። ድፍረቱ ያስቀናል። ይኸው ሰው ለዚህ ውይይታችን ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ሥራም አለው። በኔፕልስ ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ወደ 300 የሚጠጉ የሙዚቃ ቃላትን ሰብስቦ የየቃሉን ፍቺ ጻፈ፤ ከታተሙት የሙዚቃ መዝገበ ቃላት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ሲሆን፣ ያበረከተውም ለንጉሡ ሴት ልጅ ለቤያትሪስ ነው። ጠያቂ ወንድማችን ለልጃቸው የፈለጉትን ነገር ከ500 ዓመት በፊትም አንዲት ልጅ ፈልጋው ነበር ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ጊዮም ዱፋይ በመጋቢት 1436 የፍሎረንስ ካቴድራል ሲቀደስ የሚዘመር ሞቴት ደርሶ ነበር፤ ቀዳሹ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩጂን 4ኛ ነበሩ። እኚሁ ሰው በ1441 በዚያችው ከተማ ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን ተቀብለዋል።

ጠያቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። ልጄ ስለ ቤያትሪስ ስነግራት ኩራት ቢጤ ተሰማት። ሁለት ነገሮች ግን ግራ አጋብተውናል። የመጀመሪያው፣ አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ የተለያየ ቃል የሚል ከሆነ መልእክቱ እንዴት ይሰማል? ሁለተኛው፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ከሄደ ምቱን ማን ይጠብቃል? በእኛ ዘፈን ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ።

ቴነር ዘማሪ

የመጀመሪያውን ጥያቄ የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም የጠየቀችው፤ ከ1545 እስከ 1563 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ የተሰበሰቡ ጳጳሳትም ተነጋግረውበታል። ምእመኑ የቅዳሴውን ቃል ካልሰማ ዜማው ማማሩ ምን ይጠቅማል የሚል ቅሬታ ነበር። ጆቫኒ ፔርሉዊጂ ዳ ፓለስትሪና የተባለው ደራሲ ዜማ በደረሰለት አንድ ቅዳሴ ባለ ብዙ ዜማን ከመከልከል አዳነው የሚለው ትረካ አፈ ታሪክ ቢሆንም፣ ቅዳሴው ራሱ ግን ለጥያቄው የተሰጠ ጥሩ መልስ ነው። በ1567 የታተመው ይህ ቅዳሴ በ1555 ለ22 ቀን ብቻ በመንበሩ በቆዩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርሴሎ 2ኛ ስም ይጠራል። ባለ ስድስት ድምፅ ነው። አጭር ጽሑፍ ባለባቸው ክፍሎች ድምፆቹን እንደ ልብ ያጠላልፋቸዋል፤ ረጅሙ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ሲደርስ ግን ከስድስቱ ጥቂቶቹን እየመረጠ አንዱን ቃል በአንድነት ያስብላቸዋል፣ ወዲያው ደግሞ ሌሎቹን ያስቀጥላል። ቃሉ ይሰማል፣ የድምፁ ቀለምም በየሐረጉ ይለዋወጣል። መምህርት «አጃቢ ያለው ዜማ» ያሉት ስም እዚህ ላይ እንደማይበቃ ታያላችሁ፤ አጃቢና ታጃቢ የለምና። «አብሮ ነሽ» ቢባልስ?

ምቱን በተመለከተ፣ ከበሮ መቺ የለም፤ «ታክቱስ» የሚባል ነገር አለ። ትርጉሙ «መንካት» ነው፤ እጅ ዝቅ ከፍ እያለ ለሁሉም የሚታይ ወይም የሚዳሰስ እኩል መለኪያ ይሰጣል። የዘመኑን አሠራር ልንሞክር ብለን አንድ ቀን ኖታችንን በድምፅ በድምፅ ለያይተን፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን መስመር ብቻ ይዘን ቆምን፤ በዚያ ዘመን በዘማሪው ፊት የሚቀመጠው የሁሉም ድምፅ ስብስብ አልነበረምና፣ ዛሬ ኖታውን በእኩል እየቆረጠ የሚለያየው ቋሚ መስመርም አልነበረም። ሦስት ጊዜ ተበተንን። በአራተኛው ጎኔ የቆሙት አዛውንት ሳይናገሩ ጣታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው መምታት ጀመሩ፤ እኔም የፊቴን ሰው ትከሻ ነካሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠፋም። የሙዚቃ ሊቁ ፍራንኪኖ ጋፉርዮ በ1496 ስለ መለኪያው ሲጽፍ በጸጥታ ከሚተነፍስ ሰው የደም ሥር ትርታ ጋር አመሳስሎታል፤ አማርኛችን «ምት»ን ለዘፈኑም ለልቡም የሚጠቀምበት መሆኑን ያን ቀን አስታወስሁ። ስለዚህ ታክቱስ ለተባለው «ምት» ፍጹም ይሆናል። ሪትም ግን ከምቱ በላይ የሚደረደረው የረጅምና የአጭር ድምፅ አካሄድ ስለሆነ፣ ለእርሱ «የምት አካሄድ» ቢባል ይለያል።

የፊደል ጠባቂ

«አብሮ ነሽ» አይሆንም፤ የሴት ስም ይመስላል። «አብሮ ተነሽ» ከሆነ ያስማማናል።

የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ

«ሞድ» ስለተባለው እኔ ልሞክር። ብዙ ሰው «ቅኝት» ብሎ ይመልሰዋል፤ መሠረቱ ትክክል ነው። ክራር ቃኘ ማለት ክሮቹን ለሚጫወቱት ዜማ እንዲመቹ አበጀ ማለት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም እያንዳንዳቸው የራሳቸው የድምፅ ቤተሰብና የራሳቸው ስሜት አላቸው። ልዩነቱ ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ ሲቆሙ የአውሮፓው ሞድ በሰባት መሄዱ ነው። ያነበብሁት እንደሚያሳየው ቤተ ክርስቲያናቸው ስምንት ሞዶች ስትቆጥር ኖራ፣ ግላሬያኑስ የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1547 አሥራ ሁለት ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ከጨመራቸው ውስጥ ሁለቱ ዛሬ ሜጀርና ማይነር ለሚባሉት የድምፅ ሥርዓቶች መሠረት ናቸው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ግን ከዚህ ጋር ባይደባለቁ እመርጣለሁ፤ እነርሱ የድምፅ ስብስብ ብቻ ሳይሆኑ የአዜማዜም ጠባይና የሚዜሙበት ጊዜ ጭምር ናቸው።

ስለ ጽሕፈቱም አንድ ቃል። በዚያው ምእተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንዳዘጋጁ ይነገራል። ከቃሉ በላይ የምትጻፈው ትንሽ ፊደል ዘማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች። የአውሮፓውያኑ ኖታ ግን ዜማውን ለማያውቀው ሰው የድምፁን ቦታና ርዝመት ይነግረዋል። ስለዚህ ምልክትን «ኖታ» ማለት፣ ኖታንም «ምልክት» ማለት ሁለቱንም ይበድላል።

የኖታ መምህርት

የቀሩትን በአጭሩ ልጨርስ። «ስምምነት» የሚለው ለሃርመኒ መጥፎ አይደለም፤ የውል ስምምነት ይመስላል እንጂ። በሬኔሳንስ ውስጥ ግን አድማጭ የሚሰማው ስምምነት በቅድሚያ የታሰበ ሳይሆን ዜማዎቹ ሲገናኙ የሚገኝ ነው። ቀደም ሲል ጥዑም የሚባሉት በተለይ አራተኛ፣ አምስተኛና ስምንተኛ ርቀቶች (በሁለት ድምፆች መካከል ያለ የቅጥነት ልዩነት) ነበሩ፤ በ15ኛው ምእተ ዓመት ሦስተኛና ስድስተኛ ርቀቶች በእንግሊዞች በኩል፣ በተለይም በደራሲው በጆን ደንስታብል ምክንያት፣ እየገኑ መጡ፤ ቲንክቶሪስም የአዲሱ ጥበብ ምንጭ እንግሊዞች ናቸው ብሏል። ዛሬ የዚያ ዘመን መዝሙር ለጆሯችን የሚለሰልሰው በእነዚህ ርቀቶች ምክንያት ነው፤ ሻካራ ከሚባል ነገር እጅግ የራቀ ነው።

«ቃና»ን ለመሣሪያው የድምፅ ቀለም ብቻ ብንተወው መልካም ነው፤ የዘመኑ ባለ ክር መሣሪያዎች የሆኑት የሉትና የቫዮል ድምፅ የሚለየው በቃናው ነው። የሚያስቸግረን «ከፍ ያለ ድምፅ» ነው፤ በአማርኛ ጩኸቱንም ቅጥነቱንም ይይዛል። ቀድሞ ፈረንሳዮችም በዚሁ ተቸግረው ነበር፤ መሣሪያዎችን «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ብለው ሲከፍሉ የሚሉት ጯሂና ለስላሳ ማለታቸው ነበር። እኛ ግን «ቀጭን» እና «ወፍራም» የሚል የተሻለ ጥንድ አለን፤ ክራር ደርዳሪ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ለኖታው ቦታ «ቅጥነት»፣ ለጉልበቱ «የድምፅ ኃይል» እንበል። የድምፅ ኃይል በዚያ ዘመን ኖታ ላይ የሚጻፈው ከስንት አንድ ነው፤ ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ ጆቫኒ ጋብሪኤሊ በ1597 በቬኒስ ያሳተመው፣ በስሙ ላይ «ፒያኖ» እና «ፎርቴ» የሚሉትን ቃላት የያዘው ሥራ ነው። «ፒያኖ» እዚያ መሣሪያ አይደለም፤ «በለሆሳስ» ማለት ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጄ ጋር ተቀምጠን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርገን ጽፈነዋል፦ «የሬኔሳንስ ሙዚቃ አሸማመኑ ባለ ብዙ ዜማ ነው፤ ዜማዎቹ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ስምምነትም ሞድ በሚባለው፣ ከእኛ ቅኝት ጋር በሚቀራረብ የድምፅ ሥርዓት ላይ ይቆማል።» «ሻካራነት» የሚለውን ልጄ ራሷ በእርሳስ ሰርዛዋለች።

የፊደል ጠባቂ

አማርኛው አምሯል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ «በአብዛኛው» የሚለውን ጥላችሁታል። ቴነሩ ወንድማችን እንዳስረዱን አብሮ ተነሹም ነበርና መልሳችሁ አስገቡት።